የዜሮ ቤት ተራ

በስልሳ ሦስት ሰፈር ማንም ሰው ቤቱን ባዶ ጥሎ አይወጣም። ቤቶቹ ስልሳ ሦስት ናቸው፤ የሰፈሩ ስም የመጣው ከዚያ ነው። በበረራ ቀን፣ ማለትም ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት በየጣሪያው ሥር ቢያንስ አንድ ሰው መቀመጥ አለበት። ገበያ የሚሄድ ተራ ይጠብቃል፤ ለቅሶ የሚደርስም ተራ ይጠብቃል። ባልና ሚስት ተጣልተው ሁለቱም ጥለው ሊወጡ ቢነሱ እንኳ አንደኛው ከበር ተመልሶ መቀመጡ ግድ ነው። ጥሎ የመውጣት ተራቸውን ሲጠባበቁ የታረቁ ጥቂት አይደሉም።

ባዶ የሚሆነው አንድ ቤት ብቻ ነው። እሱም ዜሮ ቤት ይባላል።

አውሮፕላኖቹ ውስጥ ሰው የለም። በሰፈሩ ላይ አልፈው ወደ ጦርነቱ ይሄዳሉ፤ በሰፈሩ ላይ አልፈው ከጦርነቱ ይመለሳሉ። ጦርነቱ የት እንደሆነ ትምህርት ቤት ይነገራል፤ ካደገ በኋላ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። አልፎ አልፎ አንዱ አውሮፕላን ይታመማል። የታመመ አውሮፕላን ጭነቱን ቀድሞ ሌላ ቦታ ያራግፋል። ሌላ ቦታ የት እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከዚያ ዝቅ ብሎ እየዞረ ከየጣሪያው ሥር ያለውን ሰው ይቆጥርና ሰው ያነሰበት ላይ ይወድቃል። እርሻ ላይ አይወድቅም፤ እርሻው ሁሉ መስታወት ቤት ውስጥ ከገባ ወዲህ ከሰው ቤት ይልቅ ውድ ነው።

ስለዚህ ሰፈሩ እጣ ያወጣል። እጣው የወጣለት ሰው ቅዳሜ ማለዳ ዕቃውን ተሸክመውለት፣ እሱ ራሱ በክብር ተጋብዞ፣ ለሳምንት የጎረቤት እንግዳ ይሆናል። ጥሩ ይበላል፤ ምርጡ አልጋ ይለቀቅለታል፤ ልጆች እግሩን ያጥቡታል። አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይወድቅ ሳምንቱ ያልፍና ሰውየው ሁለት ኪሎ ጨምሮ ቤቱ ይገባል። ከወደቀም «ክፍሉ» በአርባ ቀን አዲስ ቤት ያቆማል። ሰዉ መሥሪያ ቤቱን «ክፍሉ» ከማለት ሌላ ስም አያውቅለትም።

ወይዘሮ ኤልዳና ይህን ሁሉ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ሥርዓት ስለሆነ። ሠላሳ አራት ዓመት መሬት ስትለካ ኖራ ጡረታ የወጣች ቀያሽ ናት። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። ባሏ ካረፈ ወዲህ ሃያ ሰባት ቁጥር ቤት ውስጥ የምትኖረው ከአንድ ልጇ ከብዙነሽ ጋር ነው። የሴት አያቶች ዘመን ስም እንደገና ፋሽን በሆነበት ዓመት የተወለደች ልጅ ናት። ኤልዳና ከመኝታዋ በላይ የሰቀለችው ፎቶ የላትም፤ የሰቀለችው በቆዳ የተያዘ የሃምሳ ሜትር መለኪያዋን ነው።

እጣው ሐሙስ ከሰዓት በክሩቤል ፀጉር ቤት በረንዳ ላይ ይወጣል። ክሩቤል ፀጉር አስተካካይም የእጣ ዳኛም ነው። ክፍሉ እጣውን በማሽን ላውጣላችሁ ብሎ ነበር፤ ሰፈሩ እምቢ አለ። ቁጥሮቹ በጠርሙስ ቆርኪ ላይ ተጽፈው በጣሳ ውስጥ ይንኳኳሉ፤ የክሩቤል እጅ እስከ ክርኑ ይራቆታል፤ ሁሉም ያያል።

በዚያ ሐሙስ ክሩቤል ቆርኪውን አወጣና «ሃያ ሰባት» አለ።

ሰዉ ሁሉ ወደ ኤልዳና ዞረ። የብዙነሽ ሰርግ ቅዳሜ ነበር፤ የዜሮ ቤቱ ሳምንት የመጀመሪያው የበረራ ቀን።

«ሰርግ አለብኝ» አለች።

ደንቡ ግልጽ ነው። ሰርግ፣ አራስ ወይም ሐዘን ያለበት ቤት ዜሮ አይሆንም፤ ሌላ ሰው ተራውን ይወስድለታል፤ ባለተራውም ያን ሰው እቤቱ ያስተናግዳል። ግን ማንም አይገደድም። አንዱ ከሕዝቡ መሀል «ለእኔ ይሁን» ማለት አለበት፤ ያን እስኪል ይጠበቃል። በሌላ ጊዜ ሦስት አራት ሰው ይሻማ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን የስምንት ቁጥሯ ሄለን ለአንዲት አራስ ተራ ወስዳ፣ ቤቷ ላይ ወድቆ፣ አዲሱ ቤት ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው እያለች እስከ ዛሬ ለሰው ሁሉ ታወራለች። ስለዚህ ሰዉ ጫማውን ማየት ጀመረ።

«ኧረ ጎበዝ» አለ ክሩቤል ጣሳውን እያንኳኳ። «ሁላችሁም ካርድ ደርሷችኋል አይደል? ክትፎው ሲባል እኮ አልዘገያችሁም።»

ጥቂት ሳቁ። ከዚያ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ወፍራም ድምፅ «ለእኔ ይሁን» አለ።

ጋሽ ናሆም ነበሩ። የሃያ ስድስት ቁጥሩ፣ የኤልዳና የአጥር ጎረቤት። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ከኤልዳና ጋር ከተነጋገሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል።

ጠቡ የተነሳው ከአርባ ሴንቲ ሜትር ነው። ጋሽ ናሆም በገዛ እጃቸው በጥቁር ድንጋይ የቤታቸውን ምሥራቃዊ ግድግዳ ሲገነቡ ኤልዳና መለኪያዋን ይዛ ወጣች። ለካች፤ ደግማ ለካች፤ ከዚያም ግድግዳው አርባ ሴንቲ ሜትር ወደ ግቢዋ መግባቱን ነገረቻቸው። አፍርሱ አላለችም። መሬቱንም አልጠየቀችም። እንዲታወቅ ያህል ነው የተናገረችው። እሳቸው «ሜትርሽ ጠማማ ነው» አሉ። እሷ «የእኔ ሜትር ጠማማ አይደለም» አለች። የመጨረሻ ንግግራቸው ይኸው ነበር።

አሁን ግን «ለእኔ ይሁን» ብለው፣ ባርኔጣቸውን አድርገው በረንዳውን ወረዱ። ኤልዳና «እግዜር ይስጥልኝ» ያለችው ለጀርባቸው ነው። መስማታቸውን አላወቀችም።

ለሰርጉ አርባ አንድ ሥራዎች ያሉበት ዝርዝር ነበራት። ዐሥራ ሰባተኛው ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «የጋሽ ናሆም ዕቃ፣ የወንድሜ ልጆች ያመጣሉ። ጋሽ ናሆም ራሳቸው፣ መልእክት ይላክላቸው።»

ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ተራ የወሰደልህን ሰው መልእክት አትልክበትም። ቅዳሜ ጠዋት ራስህ በሩ ላይ ትሄዳለህ፤ ስሙን ትጠራለህ፤ እጁን ይዘህ ታወጣዋለህ። ኤልዳና ይህን አሳምራ ታውቃለች። ግን ዘጠኝ ዓመት ያልተከፈተ አፍ በአንድ ጠዋት እንዴት እንደሚከፈት በዝርዝሯ ላይ አልነበረም። አርብ ማታ ለስልሳ ሁለቱም ቤት አንድ ዓይነት መልእክት ላከች፤ ዐሥራ ሰባተኛው ላይም ምልክት አደረገች።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ በኤልዳና ግቢ በተተከለው ድንኳን ውስጥ መቶ አርባ ስምንት ሰው ነበር። ሰፈርተኛው እንደ ወትሮው በፈረቃ ነው የመጣው፤ ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ቤት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ቤት ጠባቂዎች ሲለዋወጡ ደጃፍ ላይ «ጥብሱን እንዳታልፊው»፣ «ዘፋኙ ግን አይረባም» ይባባላሉ። ብዙነሽ ነጭ ለብሳ ከሙሽራው ጋር ተቀምጣለች። ኤልዳና ሠላሳ ሦስተኛው ላይ ምልክት እያደረገች ሳለ የሁሉም ስልክ በአንድ ጊዜ ጮኸ።

«ውድ ነዋሪዎች» አለች የክፍሉ ሴት በዚያ በለሰለሰ ድምጿ፤ «አንድ አውሮፕላን ወደ እናንተ እየመጣ ነው። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ቀርቶታል። ዜሮ ቤታችሁን ስላዘጋጃችሁ እናመሰግናለን። መልካም ቅዳሜ።»

የደነገጠ አልነበረም። ሳህኑን ያስቀመጠም የለም። ክሩቤል ማይክሮፎኑን ከዘፋኙ ተቀብሎ «ወገኖቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ዛሬ ያማረብን መጨናነቃችን ነው» አለ። መንገድ ላይ የነበሩት ወደ ድንኳኑ ገቡ፤ ብዙ ሰው ባለበት አይወድቅም። ዜሮ ቤቱ አጠገብ ነው ብሎ የፈራም አልነበረም፤ ክፍሉ በበተነው ወረቀት ላይ «ከአጥር አያልፍም» ተብሎ ተጽፏል።

ኤልዳና ስልኳ ላይ በየቤቱ ስንት ሰው እንዳለ የሚያሳየውን የክፍሉን የቆጠራ ሰሌዳ ከፈተች። ማረጋገጥ ልማዷ ነው። ከአንድ እስከ ስልሳ ሦስት አየች። ሃያ ሰባት፣ መቶ አርባ ዘጠኝ። ሃያ ስድስት፣ አንድ።

ደግማ አየች። አንድ።

ሰሌዳው ላይ ዜሮ የሚባል ቁጥር አልነበረም። አንድ ያለባቸውን ቤቶች ቆጠረች፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሆኑ። በዐሥራ ዘጠኙም ውስጥ አንድ አንድ ቤት ጠባቂ ተቀምጧል። አውሮፕላኑ ከዐሥራ ዘጠኙ አንዱን ይመርጣል፤ በምን እንደሚመርጥ ደግሞ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ስትወጣ ቤት ጠባቂዎቹም ሰሌዳውን አይተውት ነበር። በመንገዱ ግራና ቀኝ ሁሉም በየደጃፉ ቆሟል፤ አንድ እግሩ ከጣሪያው ሥር፣ አንድ እግሩ ውጭ። ከቤቱ የወጣ ቤቱን ዜሮ ያደርጋል፤ የቀረ ምናልባት ይመረጣል። ስለዚህ ማንም አይወጣም፣ ማንም አይገባም፤ እርስ በርስ ይተያያሉ። ትናንት ሽንኩርት የተበዳደሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ አንዱ የሌላውን እግር ያያል።

አውሮፕላኑ በሰማይ ላይ ብቅ አለ። ድምፁ የልብስ ስፌት መኪና ይመስላል። ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረ።

ከኤልዳና በር እስከ ጋሽ ናሆም በር ሃያ ሁለት እርምጃ ነው። ሮጠች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ገፋ አድርጋ አንድ እግሯን አስገባች።

«ኤልዳና! ሁለት አደረግሽው እኮ!» አለች ከማዶ የሠላሳ አንድ ቁጥሯ ሶስና። እሷም ብቻዋን ነበረች። «ውጪ፣ ውጪ፣ ከጣሪያው ሥር ውጪ!»

ኤልዳና እግሯን መልሳ ከደፉ ውጭ ቆመች።

ጋሽ ናሆም ባዶው ሳሎን መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከበርጩማውና ከአንዲት ትንሽ ሬዲዮ በቀር ዕቃው ሁሉ እሷ ቤት ነው። ሙሉ ልብስ ለብሰዋል፤ ክራቫት አስረዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል። ባርኔጣው ጉልበታቸው ላይ ነው።

«ጋሽ ናሆም፣ ምን እየሠሩ ነው?»

«ቁጭ ብያለሁ።»

«አውሮፕላኑ እኮ እየዞረ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ዐሥራ አንድ ደቂቃ አለች ሴትዮዋ። አሁን ስምንት ቀርቶታል።»

«ታዲያ አይወጡም?»

«ወጥቼ የት ልቁም? ሰርግ ቤት በር ላይ? የክት ልብሴን ለብሼ፣ ሳልጠራ፣ የወጪ ወራጁን ሳህን እያየሁ?»

«መልእክት ልኬልዎት ነበር።»

«ደርሶኛል። ‹ውድ ጎረቤት› ይላል። ውድ ጎረቤት ማን ነው? እናቴ ያወጣችልኝ ናሆም የሚል ስም ነው።» ባርኔጣቸውን በጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ከአንድ ሰዓት ጀምሮ ለብሼ ተቀምጫለሁ። ልጆቹ መጡ፤ አልጋውን ወሰዱ፤ ሳጥኑን ወሰዱ፤ ምንጣፉን ጠቅልለው ወሰዱ። እኔን የጠቀለለኝ የለም።»

ኤልዳና ፊቷ ጋለ። ሰማዩ ላይ ያለው ድምፅ ሁለተኛውን ዙር ጀመረ። ከማዶ ሶስና ጮክ ብላ ደቂቃ መቁጠር ጀምራለች።

«ጥፋቴ ነው» አለች ኤልዳና። «ራሴ መምጣት ነበረብኝ። አፈርኩ።»

«በምን?»

«ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ፣ ተራዬን ሲወስዱልኝ ጊዜ መጥቼ ጋሼ ማለት ከበደኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። ጊዜ እንዳለው ሰው ነበር የሚያስቡት።

«እንግዲያው አንድ ነገር በይኝና ልነሳ። ያኔ የለካሽበት ሜትር ጠማማ ነበር በይ።»

«አምስት ደቂቃ!» አለች ሶስና።

ኤልዳና አፏን ከፈተች። ቀላል ነበር። ማንኛውም ሰው ይለው ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ቤት፣ ዐሥራ ዘጠኝ ሰው፣ አጥር ማዶ ልጇ ነጭ ለብሳ። ዝርዝሩ ሁሉ በአእምሮዋ ተሰለፈ፤ ከምላሷ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ሜትሩ ቀጥ ያለ ነበር ጋሼ። አርባ ሴንቲ ሜትር ነው። ሁለት ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

«በዚህ ሰዓት እንኳ አትዋሺልኝም?»

«አልቻልኩም።»

ጋሽ ናሆም ፈገግ አሉ፤ ፈገግታው አድጎ ትከሻቸውን አነቃነቀው። «እንደሱ ከሆነ ጥፋቴ ነው ያልሽውም እውነት ነው ማለት ነው» አሉ። ግን አልተነሱም። ጠበቁ።

ኤልዳና ገባት። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ከወገቧ ጎንበስ አለች፤ እግሯ ደፉን ሳያልፍ ቀኝ እጇን እስከ ትከሻዋ ወደ ውስጥ ዘረጋች።

«ጋሽ ናሆም» አለች፤ «ልጄን ድሬአለሁ። ቤቴ ያለ እርስዎ አልሞላምና እባክዎ ይምጡልኝ።»

ተነሱ። ባርኔጣቸውን አደረጉ። ሁለት እርምጃ ሄደው ተመለሱ።

«ምነው?»

«ሬዲዮዬን።»

«ጋሼ!»

«ዜና አለ በስድስት ሰዓት» አሉና ሬዲዮዋን ብብታቸው ሥር አድርገው እጇን ያዙ። ከጣሪያው ሥር ሲወጡ ከማዶ ሶስና «ዜሮ!» አለች። ከጎኗ ያለው ተቀበላት፤ «ዜሮ!» ቃሉ ከደጃፍ ደጃፍ እየተቀባበለ እስከ ሰፈሩ ጫፍ ሄደ። እግሮች ሁሉ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሰዎቹ እንደገና ጎረቤት ሆኑ።

ሃያ ሁለቱን እርምጃ የተጓዙት በጋሽ ናሆም ፍጥነት ነው፤ ፍጥነታቸውም አይጣል ነው። ድንኳኑ በር ላይ ብዙነሽ ቆማ ነበር። እናቷና ሽማግሌው እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲመጡ አየችና ሳትጠየቅ እልል አለች። ሴቶቹ ተቀበሏት። መቶ ሃምሳኛው ሰው እየታጀበ ገባ።

አውሮፕላኑ የወደቀው እልልታው ሳያልቅ ነው። ድምፁ የተፈራውን ያህል አልነበረም፤ ትልቅ ቁም ሣጥን ከደረጃ ላይ እንደሚወርድ ያለ ነው። መሬቱ ዝቅ ብሎ ከፍ አለ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ፤ ብረት ድንጋይ ሲመታ። ድንኳኑ ነፋስ እንደገባበት ሸራ ተነፋ፤ ኬኩ ላይ አቧራ ወረደ። ዘፋኙ አቋርጦ የነበረውን ስንኝ ካቆመበት ቀጠለ። የመጀመሪያው ጊዜ ነበር ያማረ ድምፅ ያወጣው።

ክሩቤልና ኤልዳና ሊያዩ ሄዱ። ሃያ ስድስት ቁጥር የለም። ጣሪያው፣ ሳሎኑ፣ በርጩማው፣ ሁሉም የለም። የቀረው ምሥራቃዊው ግድግዳ ብቻ ነው፤ ጥቁር ድንጋዩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ቆሟል። ከአጥር አያልፍም የተባለው ክንፍ ተስፈንጥሮ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። ከግድግዳው ወዲህ ድንኳኑ ነው።

ኤልዳና መለኪያዋን ይዛ ነበር፤ መቼ እንዳነሳችው አታስታውስም። ከግድግዳው እስከ ድንኳኑ ሸራ ለካች። ሦስት ሜትር ከዐሥር። ደግማ ለካች። ከዚያ በሌላኛው በኩል ዞራ ግድግዳው ወደ ግቢዋ ስንት እንደገባ ለካች።

«ስንት ነው?» አለ ክሩቤል።

«አርባ።»

«ግድግዳው እንደ ደንቡ በድንበሩ ላይ ቢሠራ ኖሮ ክንፉን አይችለውም ነበር ማለት ነው?»

«እሱን አላውቅም» አለች ኤልዳና። «ያልተለካ ነገር አልናገርም።» ግን ለረጅም ጊዜ እጇን ድንጋዩ ላይ አድርጋ ቆመች።

ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ ናሆም በመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮዋን ከፈቱ። ዜናው አንድ አውሮፕላን በሰላም ማረፉን ተናገረ።

ሰኞ ጠዋት የክፍሉ ግንበኛ ማሽን መጣ። ግንባታ ከመጀመሩ በፊት የድንበር ችካል መተከል፣ ሁለቱም ጎረቤቶች በጣታቸው መፈረም አለባቸው። ኤልዳና ለክታ ችካሉን በራሷ ግቢ ውስጥ፣ በጥቁሩ ግድግዳ መስመር ላይ ተከለች። ጋሽ ናሆም በሦስት ምርኩዝ ርቀት ቆመው አዩት፤ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ከዚያም ነቅለው ወደ ራሳቸው መሬት አርባ ሴንቲ ሜትር መልሰው ተከሉት። ማሽኑ «ድንበሩ ላይ ተስማምታችኋል?» አለ። «አልተስማማንም» አሉ። ሄደ።

ማክሰኞ ኤልዳና ወደ ራሷ ግቢ መለሰችው። እሳቸው ነቀሉት። ረቡዕም እንደዚያው። ሰፈሩ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቶ ማየት ጀመረ። ጋሽ ናሆም ለጊዜው የሚያድሩት በኤልዳና ሳሎን፣ ምርጡ አልጋ ላይ ነው፤ አንድ ኪሎ ጨምረዋል።

ሐሙስ ማሽኑ ሲመጣ ሽማግሌው ችካሉን በምርኩዛቸው እየነካኩ «አንቺ ልጅ» አሉ፤ «ይኼ እኮ ስህተት ነው። አርባ ሴንቲ ሜትር ወደ ግቢሽ ገብተሻል። እኔ ያየሁትን አንቺ ሳታዪው ቀርተሽ ነው?»

ኤልዳና መለኪያዋን ቀስ ብላ ጠቀለለች። ቆዳው ውስጥ ከተተችው። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ከግድግዳው ወዲህ ድንኳኑ የነበረበትን ሣር አየች።

«ሜትሬ ጠማማ ነው፣ ጋሼ» አለች።

ጋሽ ናሆም ከኪሳቸው መሀረብ አውጥተው አውራ ጣታቸውን ጠረጉ፤ በማሽኑ መስታወት ላይ አሳረፉት። ኤልዳናም አሳረፈች። ማሽኑ አመስግኖ ሊዞር ሲል በምርኩዛቸው መታ መታ አደረጉት።

«ጻፈው» አሉት። «ሜትሬ ጠማማ ነው ብላለች።»

«ይህ መረጃ አያስፈልግም» አለ ማሽኑ።

«ለአንተ አያስፈልግም» አሉት ጋሽ ናሆም።